ከባንኮኒው ሥር ያለው ስልክ፦ ፋርማሲስቶችና የኢንተርኔት የጤና መረጃ በሐዋሳ

በሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ ባለ አንድ መድኃኒት ቤት፣ ማታ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በስልሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያሉ አንዲት እናት ስልካቸውን በባንኮኒው ላይ ለፋርማሲስቱ ዘረጉለት። “ዶክተር፣ ልጄ ከዱባይ የምትልክልኝ የስኳር መድኃኒት አልቆብኛል፤ ሳጥኑንም ጥዬዋለሁ፤ ይኸው ፎቶውን በኢሞ ላከችልኝ” አሉት። ፋርማሲስቱ ፎቶውን በሁለት ጣቱ አስፍቶ አየና “አንዴ ይታገሱኝ እናቴ” ብሎ ዕቃ የሚፈልግ መስሎ ጎንበስ አለ። እኔ የቆምኩት ከጎን፣ የክብደት ሚዛኑ አጠገብ ስለነበር የሚያደርገው ይታየኛል። ከባንኮኒው ሥር ካለው መሳቢያ የራሱን ስልክ አውጥቶ ከሳጥኑ ላይ ያነበበውን “ጋልቨስ ሜት” የሚል ስም ጎግል ላይ ጻፈ። መጀመሪያ የከፈተው የአሜሪካ ገጽ ብዙም አልጠቀመውም፤ ከመድኃኒቱ ሁለት ንጥረ ነገሮች አንዱ የሆነው ቪልዳግሊፕቲን በአሜሪካ ለገበያ የተፈቀደ አይደለምና። ቀጥሎ የከፈተው የአውሮፓ ገጽ ግን አንዱ ፍሬ 50 ሚሊግራም ቪልዳግሊፕቲንና 1,000 ሚሊግራም ሜትፎርሚን የያዘ መሆኑን ነገረው። ስልኩን ወደ መሳቢያው መልሶ ቀና አለና፣ ከድሮም እንደሚያውቀው ሁሉ፣ “ይሄ እኮ ሁለት መድኃኒት በአንድ ላይ ነው እናቴ፤ እዚያ አረፍ ይበሉ፣ ያለንን ልይልዎ” አላቸው።

ከእሳቸው ቀጥሎ ተራ ይዛ የነበረችው ወጣት ደግሞ አንድ አጭር የቲክቶክ ቪዲዮ ከፍታ አሳየችው። በቪዲዮው ላይ ያለችው ሴት በአንድ ወር ውስጥ እንዴት “ሞላ ሞላ” እንዳለች እያወራች ሁለት መድኃኒት ትጠራለች። “ዴክሳና ሳይፕሮ አለ?” ስትል ወጣቷ ጠየቀች። ፋርማሲስቱ ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው አላየውም። “ቲክቶክ ነው ያዘዘልሽ? እንዲያ ከሆነ ሆስፒታሉን ዘግተን ሁላችንም ቲክቶክ ላይ እንቀመጥ” አለ። ከኋላ የቆሙት ሳቁ፤ ልጅቷ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ወጣች። በሁለቱ መካከል አሥር ደቂቃ እንኳን አላለፈም።

ፋርማሲስቶች ለኢንተርኔት የጤና መረጃ ያላቸው አመለካከት ብዙውን ጊዜ “ያምኑታል ወይስ ይጠራጠሩታል” በሚል ጥያቄ ይመዘናል። ይህ ጥያቄ ግን ከላይ ያየነውን ባለሙያ አይገልጸውም። እሱ ኢንተርኔትን በየሰዓቱ ይጠቀማል፤ ደንበኛ ይዞት ሲመጣ ግን ይንቀዋል። ነገሩን ግብዝነት ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ እኔ ግን ሁለቱ አመለካከቶች ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ይመስለኛል። መረጃው ትክክል ነው ወይስ አይደለም ከሚለው ይልቅ፣ መረጃው በማን እጅ ነው የሚለው ይበልጥ ያሳስበዋል።

ለምን ይደብቀዋል? ሊቅ ማለት መጽሐፉን በቃሉ የያዘ ነው ተብሎ በኖረበት አገር፣ “ዶክተር” ተብሎ የተጠራ ሰው በሰው ፊት ስልክ ከፍቶ ሲያነብ ዕውቀቱ የጎደለ ይመስላል። አንድ ጠበቃ ነጋሪት ጋዜጣ ገልጦ አንቀጽ ሲፈልግ ማንም አያማውም፤ እንዲያውም ጠንቃቃ ይባላል። ፋርማሲስቱ ግን የመድኃኒት መጠን ለማረጋገጥ ሲፈልግ ደንበኛው “ይሄ ልጅ አያውቅም እንዴ?” ብሎ ወደ ጎረቤቱ መድኃኒት ቤት ሊሻገር ይችላል፤ ጎረቤቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሃያ እርምጃ አይርቅም። የግል መድኃኒት ቤቶች ጎን ለጎን በተደረደሩበት መንገድ ላይ ይህ ፍርሃት ከንቱ አይደለም። ችግሩ፣ የተደበቀ ፍለጋ የችኮላ ፍለጋ መሆኑ ነው። ጎንበስ ብሎ በሠላሳ ሰከንድ የሚነበበው የገጹ የመጀመሪያ ሦስት መስመር ነው፤ ማስጠንቀቂያው፣ ከሌላ መድኃኒት ጋር የሚጋጭበት ሁኔታና የኩላሊት ሕመምተኛን የሚመለከተው ክፍል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከታች ነው።

የሚነበበው ነገር ምንነትም ባለሙያው በሚሠራበት ቦታ ይለያያል። የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው ሂናሪ፣ ኢትዮጵያን ለመሰሉ አገሮች በሺዎች የሚቆጠሩ የሕክምና መጽሔቶችን በነጻ ይከፍታል፤ በሩ ግን የሚከፈተው ለተመዘገቡ ተቋማት ማለትም ለዩኒቨርሲቲዎች፣ ለሆስፒታሎችና ለመሰል ድርጅቶች ነው። በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል የሚሠራ ፋርማሲስት በዚህ በር ሊገባ ይችላል፤ የአገሪቱ የሆስፒታሎች መመሪያም ለሐኪሙና ለታካሚው ስለ መድኃኒት መረጃ የሚሰጥ አገልግሎት በሆስፒታሉ ውስጥ እንዲኖር ይጠይቃል። ፒያሳ ላይ በግል የሚሠራው የዚያው ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ግን ከበሩ ውጭ ነው። እንደ አፕቱዴት ያሉ የሕክምና ማጣቀሻ አገልግሎቶች በዓመት በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ይጠይቃሉ፤ ብሩ ቢገኝ እንኳን በውጭ ምንዛሪ መክፈያው መንገድ ጠባብ ነው። ስለዚህ የሚቀረው ነጻው ሜድስኬፕ፣ ድራግስ ዶት ኮም፣ ዊኪፒዲያ፣ ከዚያም በቴሌግራም እየዞረ የሚደርሰው የመጽሐፍ ፒዲኤፍ ነው። ከነዚህ ውስጥ ሜድስኬፕ መረጃውን ስልክ ላይ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ለመጠቀም ስለሚያስችል በብዙዎች ይወደዳል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ያህል በቆየበት ጊዜ፣ ስልኩ ላይ ያወረደና ያላወረደ ባለሙያ ልዩነቱ ታይቷል። ፒዲኤፉ ግን ሌላ ነገር ነው፦ ሽፋኑ ሲታይ ታላቅ ማጣቀሻ ይመስላል፤ የኅትመት ዘመኑን ገልጦ የሚያይ ግን ጥቂት ነው።

የንቀቱ መሠረት ደግሞ ከሞላ ጎደል እውነተኛ ነው፤ ኢንተርኔት ላይ ያለው የመድኃኒት መረጃ ለሌላ አገር ሕዝብ የተጻፈ ነውና። እኛ ፓራሲታሞል የምንለውን አሜሪካኖች አሴታሚኖፌን፣ ሳልቡታሞልን አልቡቴሮል፣ ሪፋምፒሲንን ሪፋምፒን ይሉታል። ይህ ተራ የስም ልዩነት ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ከሐዋሳ ጤና ጣቢያ ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ፣ ወንድሙ ከአሜሪካ የላከለትን “ግላይቡራይድ” ሌላ ተጨማሪ መድኃኒት መስሎት ቢደርብ አንዱን መድኃኒት ሁለት ጊዜ ዋጠ ማለት ነው፤ ስኳሩ በሌሊት ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። የንግድ ስም ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ፍሎማክስ በአሜሪካ ለፕሮስቴት ዕጢ የሚሰጠው ታምሱሎሲን ነው፤ በጣሊያን ግን በዚሁ ስም የተሸጠው ሞርኒፍሉሜት የተባለ ሌላ የብግነት ማስታገሻ ነው። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም እንዲህ ባሉ ስሞች ላይ ተጓዦችን አስጠንቅቋል። ዘመዱ ግማሹ ዓረብ አገር፣ ግማሹ አሜሪካ ወይም አውሮፓ በሆነበት ከተማ፣ ደንበኛው በፎቶ ይዞት የሚመጣውን ስም ፍለጋ ሳያደርጉ ማስተናገድ ከቁማር አይለይም። ፋርማሲስቱ ስልኩን ማውጣቱ ተገቢ የሙያ ጥንቃቄ ነው፤ ጎንበስ ማለቱ ነው የማያስፈልገው።

ትክክለኛ የነበረ መረጃም ያረጃል፤ የዶልቴግራቪር ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 ከቦትስዋና በወጣ ቅድመ ግኝት፣ ይህን የኤችአይቪ መድኃኒት እየወሰዱ ካረገዙ 426 ሴቶች ልጆች መካከል 4ቱ የአከርካሪና የአንጎል አፈጣጠር ጉድለት ተገኝቶባቸው ነበር፤ ማለትም 0.94 በመቶ። ዜናው በየአገሩ ተሠራጨ፤ መመሪያዎች ተለወጡ፤ ልጅ መውለድ የሚችሉ ሴቶች በሌላ መድኃኒት እንዲቆዩ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2019 የተጠኑት እናቶች ወደ 1,683 ሲያድጉ ጉድለቱ የታየባቸው 5 ብቻ ሆኑ፤ 0.30 በመቶ ማለት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም መድኃኒቱን ለሁሉም አዋቂዎች መከረ። ዛሬ በኢትዮጵያ የመጀመሪያ መስመር ሕክምናው የተመሠረተው በዚሁ መድኃኒት ላይ ነው። የ2018ቱ ዜና ግን ከኢንተርኔት አልጠፋም፤ ስሙን የፈለገች ነፍሰ ጡር አሁንም ታገኘዋለች፤ ደንግጣም ወደ ባንኮኒው ትመጣለች። ይህችን ሴት “ኢንተርኔት አታንብቢ” ብሎ መመለስ መድኃኒቷን እንድታቋርጥ መግፋት ሊሆን ይችላል። የሚያስፈልጋት ያነበበችው እውነት እንደነበረ፣ በኋላም ለምን እንደተሻረ በሁለት ዓረፍተ ነገር የሚነግራት ሰው ነው፤ ያን መናገር የሚችለው ደግሞ ሁለቱንም ያነበበ ፋርማሲስት ብቻ ነው።

ስለ ኮሮና ዘመን ብዙ ተብሏልና አላረዝመውም። ኢትዮጵያዊው የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ዶክተር ቴዎድሮስ አድኃኖም እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 ትግሉ ከወረርሽኝ ብቻ ሳይሆን ከመረጃ ወረርሽኝም ጋር ነው ብለው ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ክሎሮኪን በስሙ እየተጠራ ተፈለገ፤ በናይጄሪያም በዚሁ መድኃኒት የተመረዙ ሰዎች ተገኙ። ወባ ባለበት በሐዋሳ ክሎሮኪን ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት መድኃኒት ነው፤ ለኮሮና ተብሎ የሚገዛው እያንዳንዱ ፍሬ ትኩሳት ይዞት ከሚመጣው ሕመምተኛ የሚነጠቅ ነበር። በዚያ ወቅት አሳሳቹ ፌስቡክ ብቻ እንዳልነበረም ልብ ይሏል። ስመ ጥሩው ላንሴት መጽሔት እንኳን ስለ ሃይድሮክሲክሎሮኪን እ.ኤ.አ. በግንቦት 22 ቀን 2020 ያወጣውን ጥናት ሁለት ሳምንት ሳይሞላው፣ በሰኔ 4 ቀን፣ ከኅትመት መልሶ ስቧል።

ወደ ቲክቶኳ ልጅ እንመለስ። ከማየው ይልቅ የማላየው ነገር ያሳስበኛል፦ በአማርኛ የተጻፈ፣ ባለሙያ ያረጋገጠው፣ ሰው በስልኩ ፈልጎ የሚያገኘው የመድኃኒት መረጃ የለም ማለት ይቻላል። የአማርኛ ዊኪፒዲያ ራሱ 15,000 ገደማ ጽሑፎች ያሉት ሲሆን የእንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ አለው። በሲዳምኛና በወላይትኛ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው የሚያገኘው። ስለዚህ ደንበኛው “ኢንተርኔት ላይ አየሁ” ሲል ፋርማሲስቱ ከሚያነበው ሜድስኬፕ ጋር ግንኙነት የሌለው ሌላ ዓለም ነው የሚጠቅሰው፤ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ፣ የቴሌግራም ድምፅ፣ የጎረቤት ስክሪንሾት። ሁለቱም “ኢንተርኔት” ይላሉ፤ ስለ አንድ ነገር ግን አያወሩም።

ልጅቷ የጠየቀችው “ሳይፕሮ” ሳይፕሮሄፕታዲን ነው፤ የአለርጂ መድኃኒት ሲሆን እንቅልፍ ያመጣል፣ የምግብ ፍላጎትም ይጨምራል። በመድኃኒት ቤት ቋንቋ ግን “ሳይፕሮ” ወይም “ሲፕሮ” ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ ነው። ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው ያላየ ሻጭ፣ ሌላ ቦታ፣ ሌላ ቀን፣ ያለ ክፋት የማይገባትን አንቲባዮቲክ ሊሰጣት ይችላል። “ዴክሳ” የተባለው ዴክሳሜታዞን ደግሞ ብርቱ ስቴሮይድ ነው። ፊትን የሚያሳብጠው ጤና ጨምሮ አይደለም፤ ውኃና ስብ በፊትና በሆድ አካባቢ ስለሚጠራቀም ነው። ሲቆይ የደም ስኳርና የደም ግፊት ይጨምራል፣ አጥንት ያሳሳል፤ ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ለሳምንታት ተወስዶ በድንገት ሲቆም ነው፤ ከኩላሊት በላይ ያለው ዕጢ የራሱን ሆርሞን ማምረት አቁሞ ስለሚቆይ ሰውነት በድንገት ሊዝል፣ የደም ግፊትም ሊወድቅ ይችላል። ይህን ለማስረዳት ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ሳቁ ግን አምስት ሰከንድ ፈጀ፤ ልጅቷም ሁለቱን መድኃኒት በሞተር ብስክሌት የሚያደርስላት የቴሌግራም ሻጭ አታጣም። እሱ አይስቅባትም።

ደግሞ ባለሙያዎቹ ራሳቸው በዝቅተኛ ድምፅ የሚያነሡት የገንዘብ ጉዳይ አለ። የግል ፋርማሲስት መካሪም ሻጭም ነው። ኢንተርኔት ደንበኛውን አዋቂ ባደረገው ጊዜ ሽያጩ የሚቀንስበት ሁኔታ አለ፤ ለምሳሌ ሁለት ውድ የንግድ ስሞች አንድ ንጥረ ነገር መሆናቸውን ያነበበ ሰው ርካሹን ይጠይቃል። የሚጨምርበትም አለ፤ ቪዲዮ አይቶ ቪታሚንና “የሰውነት ማጽጃ” የሚገዛው ሰው ብዙ ነው። ካስተዋልኩት፣ ባለሙያው “ኢንተርኔት አትመኑ” የሚለው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ሲያጋጥመው ነው፤ ሁለተኛው ሲመጣ ዝም ብሎ ከመደርደሪያው ያወርዳል። ይህን የምለው ሁሉንም በአንድ ሙቀጫ ለመውቀጥ አይደለም፤ ያለ ማዘዣ አንቲባዮቲክ አልሸጥም ብሎ የቀኑን ገቢ ለጎረቤቱ የሚያሳልፍ ባለሙያ በዚሁ ከተማ አውቃለሁ። ግን አመለካከት ከገቢ ተነጥሎ አይኖርምና ጉዳዩን የዕውቀትና የሥልጠና ብቻ አድርጎ መተንተን ግማሹን መተው ነው።

በዕድሜም ልዩነት አለ። የፋርማሲ ትምህርት በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ወደ 5 ዓመት ከፍ ብሎ ከመድኃኒቱ ይልቅ ታካሚው ላይ እንዲያተኩር ከተደረገ በኋላ የወጡት ምሩቃን መረጃ መመዘንን ተምረዋል፦ ማን ጻፈው፣ መቼ ታደሰ፣ ምንጩ ምንድን ነው፣ ገጹን የሚደጉመውስ ማነው? ከዚያ በፊት የተማሩትና በመድኃኒት መደብር የሚሠሩ ድራጊስቶች ይህ ትምህርት አልደረሳቸውም፤ የልምዳቸው ብዛት ግን የሚናቅ አይደለም። አንድ አዛውንት ድራጊስት “እናንተ ስልኩን ታያላችሁ፣ እኔ ሰውዬውን አያለሁ” ሲል ሰምቼዋለሁ። አባባሉ ከወጣቶቹ ጋር ለመፎካከር የተነገረ ቢሆንም እውነት አለበት። ከመድኃኒት ጋር የተያያዘ ጉዳት የሚመዘገብበትን ቢጫ ቅጽና የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣኑን ነጻ የስልክ መስመር 8482 ከወጣቶቹ አብልጦ የሚያስታውሰውም እሱ ነበር። ቪዲዮ አይታ የወሰደችው ስቴሮይድ ያሳበጣት ልጅ ስትመጣ፣ ያ ቅጽ ቢሞላ ባለሥልጣኑ ስለ ቲክቶክ የሚያውቀው ነገር ይኖር ነበር።

አቶቴ አካባቢ ባለ ሌላ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ፋርማሲስት ስልኳን አትደብቅም። ታብሌት ባንኮኒው ላይ አቁማለች፤ ስክሪኑም ወደ ደንበኛው ይዞራል። “እስኪ አብረን እንየው” ትላለች፤ ያነበበችውንም በአማርኛ ጮክ ብላ ትተረጉመዋለች፤ ደንበኛው ቪዲዮ ይዞ ሲመጣም መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ታየዋለች። መጀመሪያ ላይ አሠሪዋ ደንበኛ ያሸሻል ብሎ እንደሠጋ፣ በኋላ ግን “ያቺ የምታሳየዋ ጋ እንሂድ” የሚሉ እንደመጡ ነገረችኝ። እንቅፋቷ ሌላ ነው፦ ስክሪን ለአንድ ሰው ማሳየት ከኋላው ለቆሙት ስድስት ሰዎች ማሳየትም ነው። የምክር ክፍል የሚባል ነገር በአብዛኞቹ መድኃኒት ቤቶች ወይ የለም፣ ወይ ካርቶን ተከምሮበታል።

በመናኸሪያው መድኃኒት ቤት ያሉት እናት ጉዳይ እልባት ያጣው በዚህ ምክንያት ነው። ያ ፍሬ በቀን ሁለት ጊዜ ሲወሰድ 2,000 ሚሊግራም ሜትፎርሚን ይሆናል። ዶልቴግራቪር ደግሞ ሜትፎርሚንን በደም ውስጥ ስለሚያበዛው ሁለቱን በአንድነት የሚወስድ ሰው ሜትፎርሚኑ በቀን ከ1,000 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመከራል። ይህ ማስጠንቀቂያ በነጻ ገጾችም ላይ አለ፤ የሚወጣው ግን የሁለቱንም መድኃኒት ስም ለጻፈ ሰው ነው። ጎግል ያልተጠየቀውን አይመልስም።

ፋርማሲስቱ ይህን ያውቃል። ጥምሩ ስለሌለው ሜትፎርሚኑን ብቻ ከመደርደሪያው አውርዶ ወደ ወንበሩ ጠራቸውና በመጀመሪያ የሐኪም ማዘዣ እንዳላቸው ጠየቃቸው፤ ነገ ከሆስፒታል እንደሚያመጡ ነገሩት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከባንኮኒው ወዲያ ሊጠጋ በሚችለው መጠን ተጠግቶ፣ “እናቴ፣ ከስኳሩ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ? ማንኛውም ዓይነት?” አላቸው። እናትየው ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ፤ ዞር ብለው ተራ የያዙትን ሰዎች አንድ በአንድ አዩ።

“የለም፣ ልጄ” አሉት።